ቀንድ አውጣው ጋራ የወጣበት ክረምት

ሰኔ 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ሁለት መቶ ተማሪ ከፊቴ አስቀድሜ ጎንደር ፒያሳ ሲኒማ ቤት ዋልኩ። ትእዛዝ ነው። ሃያ ዓመት አማርኛ ሳስተምር፣ ሰምና ወርቅ ስፈታ ኖሬ መጨረሻዬ በር ላይ ቆሞ «አትጋፉ» ማለት ሆነ።

ፊልሙ ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ ካርቱን ነው። ጀግናው ቀንድ አውጣ ነው። አዎ፣ ቀንድ አውጣ። ከፈረሰ ግንብ ሥር ይኖራል። እንቁራሪቷ ትስቅበታለች፣ ዶሮዋ ትንቀዋለች፣ ጎርፍ ያንከባልለዋል፤ እሱ ግን ፀሐይ ስትወጣ ከቅርብ ካላየሁ ብሎ ሽቅብ ይሳባል። ችግር በገጠመው ቁጥር ቆም ብሎ ይዘፍናል። ያው አንድ ዘፈን ነው፤ ሦስት ጊዜ ይዘፍነዋል። መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ ዝናብ እየመታው፣ መጨረሻ ላይ ያ ሁሉ የሳቀበት እንስሳ ተሰልፎ እያጀበው። ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። አንድ ካድሬ በድምፅ ማጉያ «አሁን ወደ ላይ እወጣለሁ እያለ ነው» ይለናል። ባይነግረን ወደ ታች የሚወጣ ሊመስለን ነበር።

ልጆቹ አለቀሱ። ከጎኔ የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ወይንሸት ሠላሳ አምስት ሕፃናት ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ እሷም አለቀሰች። ጎረቤቴ ናት። በእትዬ እንኳየሁ ግቢ የእኔንና የእሷን ክፍል የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ ለቀንድ አውጣ ማልቀስ ምን ይሉታል።

«ምነው አያ ዓለምነው፣ እርስዎን አልነካዎትም?» አለችኝ። የአምባ ጊዮርጊስ ልጅ ስለሆነች አያ ትለኛለች።

«የነካኝ ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ እግር ነው» አልኳት።

ሳቀች። ዓይኗ እንደረጠበ።

ሰኔ 16

ዘፈኑ ከተማውን ወረረው። ቃሉን የሚያውቅ የለም፤ «ላ ላ ላ» ነው ሁሉም። ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን እየሳለ ያፏጨዋል። ፖሊሱ ያፏጨዋል። የሂሳቡ መምህር ጥቁር ሰሌዳ ሲያጠፋ ያፏጨዋል።

ወይንሸት ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ትጀምራለች። ጫማዋን ስታደርግ ታቆማለች፤ በሩን ስትቆልፍ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሁልጊዜ ድምፅዋ ይሰበራል። ይህን ሁሉ የማውቀው ግድግዳው ስስ ስለሆነ ነው።

ለእትዬ እንኳየሁ ስለ ጩኸቱ ነገርኳቸው። ግቢው ድሮ የእሳቸው ነበር፤ አሁን እኛ የምንኖርባቸው ክፍሎች የቀበሌ ናቸው፤ እኛ ግን አሁንም የምናማርረው ለእሳቸው ነው። «ባሏ አድማሴ ሰሜን ግንባር ከሄደ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ስምንት ወር» አሉኝ። «ታንጎራጉር እንጂ ምን ታድርግ? አንተ ጆሮህን ድፈን።»

ደብዳቤ የሚያመጣው ፖስተኛ እንጂ ቀንድ አውጣ አይደለም።

ሰኔ 22

ጓድ የሻው አስጠራኝ። የኪነት ጉዳይ ኃላፊ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ተማሪዬ ነበር። «ዐ»ና «አ»ን ሳይለይ ከክፍል ክፍል ያለፈ ልጅ ነው፤ ያሳለፍኩትም እኔ ነኝ፤ ኃጢአቴን እየከፈልኩ ነው። ድሮ «እርስዎ» ይለኝ ነበር። ዛሬ «ተቀመጥ፣ ጓድ ዓለምነው» አለኝ።

ነገሩ ይህ ነው። መስከረም 2 አሥረኛው የአብዮት በዓል ይከበራል፤ ፓርቲውም ያኔ ይመሠረታል። የሕፃናቱ ኪነት የቀንድ አውጣውን ዘፈን በአማርኛ ይዘምራል። ስንኙን የምጽፈው እኔ ነኝ።

«እኔ ለሕፃናት ጽፌ አላውቅም» አልኩት።

«በተማሪነትህ በዩኒቨርሲቲ ጋዜጣ ላይ ግጥም ጽፈህ ነበር አሉ። ፋይልህ ላይ አለ።»

ፋይሌ ላይ መኖሩን የተናገረበት አነጋገር አላማረኝም። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ሰኔ 24፣ እሑድ

ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ቤቴ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አንድ ሰዓት አልፈጀም። ሃያ ዓመት ስለ ቅኔ ላስተማረ ሰው ይህ ሥራ አይደለም፤ እግር መታጠብ ነው።

ትንሽ ነኝ ቀርፋፋ፣ ቤቴን አዝያለሁ፣
ብወድቅም ተነሥቼ፣ ጋራ እወጣለሁ፤
ፀሐይ ከጫፉ ላይ፣ ትጠብቀኛለች፣
ቀስ ብሎ ለመጣ፣ መቼ ትጠልቃለች።

ካድሬው ሲተረጉም «ወደ ላይ እወጣለሁ» ነበር ያለው። እኔ «ጋራ» አደረግኩት። ለዜማው ይመቻል። በእኛ አገር «ጋራ ወጣ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ጎንደር ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ሸፈተ፣ ጫካ ገባ ማለት ነው። ይህን ስጽፍ አላሰብኩትም። ከጻፍኩት በኋላ አሰብኩትና ብቻዬን ሳቅኩ። የሻው ሰሙን እንኳ በወጉ አያነብም፤ ወርቁን ከየት ያገኘዋል። እንዲህ ዓይነት ነገር ከጻፍኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ።

ሐምሌ 3

ለየሻው አነበብኩለት። በጥሞና አዳመጠ። ከዚያ «‹ቤቴን› የሚለው የግል ንብረት ስሜት አይፈጥርም?» አለኝ።

«ቀንድ አውጣ ነው፣ ጓድ። ቤቱ ከጀርባው ጋር የተፈጠረ ነው።»

«‹ጓዴን አዝያለሁ› ብንለውስ?»

አንድ ቀንድ አውጣ ሌላ ቀንድ አውጣ አዝሎ ዳገት ሲወጣ በዓይነ ኅሊናዬ አየሁ። ሁለት የሚሳረሩ እንስሳት እንደሚመስሉ በጨዋ ቋንቋ አስረዳሁት። ተወው። ስለ ጋራው አንድ ቃል አልተናገረም። ከሥሩ «ይጸድቃል» ብሎ ፈረመበት። እሱንም በስህተት «ይፀድቃል» ብሎ ነው የጻፈው።

ሐምሌ 10

ልምምድ በቀበሌው አዳራሽ። አኮርዲዮን የሚጫወተው ቢያዝን ነው፤ በንጉሡ ጊዜ ሆቴል ውስጥ ታንጎ ይጫወት የነበረ፣ አሁን ለሁሉም ነገር ማርሽ የሚያወጣ ሰው። ልጆቹን የምታለማምደው ወይንሸት ናት። ስንኙን በአንድ ጠዋት አጠኑት።

ሲያልቅ ወረቀቱን ይዛ መጣች። «አያ ዓለምነው፣ እንዲህ ያለ ሸጋ ነገር ሆድዎ ውስጥ ይዘው ነው የሚያኮርፉብን?»

«ለሕፃናት የተጻፈ ነው።»

«‹ቀስ ብሎ ለመጣ መቼ ትጠልቃለች› የሚለውን ለአድማሴ ጽፌ ልኬለታለሁ።» ወረቀቱን አጠፈችው። «አይደርሰውም ይሆናል። እኔ ግን ጻፍኩት።»

ሕፃናቱ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ይጣደፋሉ አልኳት። አስተካክላለሁ አለችኝ።

ለማስታወስ ያህል፤ ጥሩ ስንኝ አይደለም። ቤት መምታቱ ብቻ ነው።

ሐምሌ 15

ዝናብ። ጣሪያው በሁለት ቦታ ያፈስሳል። ዘፈኑ አዘዞ ደርሷል አሉ፤ የአውሮፕላን ማረፊያው ጫኞች ዕቃ ሲያወርዱ ይዘፍኑታል። የእኔ ቃል በአዘዞ ጫኞች አፍ። ለመናቅ ጊዜ አጣሁ፤ የፈተና ወረቀት አርማለሁ።

ሐምሌ 19

ወሬ። ማራኪ አካባቢ በኪራይ የሚኖሩ ሁለት የመንግሥት ሠራተኞች ከሥራ ቀሩ። ክፍላቸው ሲከፈት አልጋው ተነጥፏል፣ ሰው የለም። ግድግዳው ላይ በከሰል «ጋራ እወጣለሁ» ተብሎ ተጽፏል።

ቢያዝን በመንገድ ላይ አገኘኝ። «ሰምተሃል?» አለኝ። «አልሰማሁም» አልኩት። አየት አድርጎኝ ሄደ።

ሐምሌ 20

ምንም።

ሐምሌ 23

ተጠራሁ። የሻው ነበር፤ ሌላም ስሙን ያልነገሩኝ ሰው ነበር፤ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ አንድም ጊዜ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ጋራ እወጣለሁ ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ ሰውዬው።

«የፊልሙ ታሪክ ነው። ቀንድ አውጣው…»

«ቀንድ አውጣውን አልጠየቅኩህም።»

የሻው ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ ያሽከረክራል። ላቡ ከእኔ ይብሳል። ያኔ ገባኝ፤ ወረቀቱ ላይ ፊርማው አለበት። ወረቀቱ ግን ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

እኔ የሰጠሁት «ወደ ላይ እወጣለሁ» የሚል ነበር አልኩ። ሲለማመዱ ለዜማው እንዲመች ብሎ ሰው ቃል ሊለውጥ ይችላል አልኩ። ስም የጠሩት እነሱ ናቸው። እኔ በአጠቃላይ ነው የተናገርኩት። ያልኩት ነገር በራሱ እውነት ነው፤ ሰው ለዜማ ሲል ቃል ይለውጣል። በማንኛውም መጽሐፍ ላይ ይገኛል።

ሐምሌ 24

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመዋዕለ ሕፃናቱ ወሰዷት። በልጆቹ ፊት።

ሐምሌ 26

ጠይቀው ይለቅቋታል። አስተማሪ ናት፤ ባሏ ወታደር ነው፤ ማንም የሚጠረጥራት የለም። ሁለት ቀን ነው፤ ሦስት ቢሆን ነው። እኔ ብሆን ኖሮ ፋይል አለኝ፤ የተማሪ ጋዜጣ አለ፤ እኔ አልወጣም ነበር። እሷ ትወጣለች። በዚህ ሒሳብ ካየነው ጉዳቱ ያነሰው መንገድ ይኸኛው ነው።

ጠዋት ግድግዳው ጸጥ ብሏል። እንቅልፍ መተኛት እችላለሁ ማለት ነው። አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነቃሁ።

ሐምሌ 30

አልወጣችም። የታሰሩት ከየሻው ቢሮ ጀርባ ባለው የእህል መጋዘን ውስጥ ነው አሉ። ከዚያ ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰድ አለ፤ ወዴት እንደሆነ የሚነግር የለም።

እትዬ እንኳየሁ ምግብ አዘጋጅተው «እግሬ አይችልም፤ አንተ አድርስላት» አሉኝ። ሥራ አለብኝ አልኳቸው። ክረምት ነው፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ያውቃሉ። ሳህኑን በፎጣ አሥረው ደጄ ላይ አስቀመጡት። ቢያዝን ወስዶ አደረሰ።

ነሐሴ 2

ከላይ፣ ሐምሌ 23 ቀን፣ ስም የጠሩት እነሱ ናቸው ብዬ ጽፌያለሁ። አይደለም። «ልጆቹን የሚያለማምደው ማነው?» ሲሉ «ታውቃላችሁ» አልኩ። «ስሟን ንገረን» ሲሉ ነገርኳቸው። የአባቷንም ስም ጨመርኩ። አልጠየቁኝም ነበር።

ነሐሴ 4

ጾም ገብቷል። ሽሮና ጎመን ይዤ ዛሬ እኔው ሄድኩ። ከሃምሳ ሰው በላይ በዝናብ ተሰልፏል። ሁሉም ሳህን ይዟል፤ ማንም ከማንም ጋር አያወራም። ከፊቴ አንዲት ሴትዮ ሁለት ሳህን ይዛ ነበር፤ አንዱን መለሱባት፤ «ይሄኛው አያስፈልግም» አሏት። ባዶ ሜዳ ላይ ቆማ ሳህኑን ታየው ነበር።

የእኔን ተቀበሉ። ባዶው ሳህን ሲመለስ ውስጡ አንዲት ቁራጭ ካርቶን አገኘሁ። በከሰል ነው የተጻፈው፤ «ልጆቹ ሁለተኛው ስንኝ ላይ አሁንም ይጣደፋሉ። ለቢያዝን ይንገሩልኝ።»

እዚያ ሆና የምታስበው ይህን ነው። በእውነት አንዳንድ ሰው ሞኝ ነው።

ለቢያዝን ነገርኩት። አኮርዲዮኑን አስቀመጠ። «አንተ ምን አልካቸው?» አለኝ። «ስለ ምን?» አልኩት። ድጋሚ አልጠየቀኝም። ድጋሚ ቢጠይቀኝ እነግረው እንደነበር እርግጠኛ ነኝ።

ነሐሴ 9

ሽሮ ወሰድኩ።

ነሐሴ 11

ምስር ወሰድኩ። ሳህኑ ሁልጊዜ ተጠርጎ ነው የሚመለሰው።

ነሐሴ 17

ጾሙ ተፈታ። እትዬ እንኳየሁ ዶሮ ሠርተው አንድ ብልት ላኩላት። ሲያሥሩት «አንተ በዚህ ዓመት ደግ ሰው ሆንክ» አሉኝ። ፊታቸውን አላየሁም።

ነሐሴ 20

ፖስተኛው መጣ። ደብዳቤ ለወይንሸት። ጽሑፉ የአድማሴ ነው፤ ድሮ የሚመጣላትን ሳይ ለይቼ አውቀዋለሁ። ማኅተሙ የሐምሌ ነው። በሐምሌ ሰውዬው በሕይወት አለ ማለት ነው።

እትዬ እንኳየሁ ቁጭ ብለው አለቀሱ። «ዛሬውኑ ይድረሳት» አሉ። ወደ መጋዘኑ ደብዳቤ ማስገባት ክልክል ነው፤ ያቺን ካርቶን አግኝተውባት ቢሆን ኖሮ ምን ያደርጓት እንደነበር አላውቅም። ደብዳቤውን የግጥም መጽሐፎቼ መሀል ከተትኩት። ከዚያ አወጣሁትና ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት። ዓይኔን ወዴትም ላዞረው አልቻልኩም። አሥር ወር ጠብቃ የመጣ ነገር የእኔ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ነሐሴ 22

ሄድኩ።

የሻው ብቻውን ነበር። ቆሜ ተናገርኩ፤ ቁጭ ካልኩ እንደማልናገር አውቃለሁ። «‹ጋራ› የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወይንሸት አንድ ፊደል አልለወጠችም። ዋሽቻለሁ። ይኸው፣ በጽሑፍም አምጥቻለሁ።» የፈረምኩበትን ወረቀት አስቀመጥኩለት።

አላነበበውም። መሳቢያውን ከፍቶ ሌላ ወረቀት አወጣ። የእኔ ጽሑፍ ነው፤ የሰኔው። ጋራው ከነቦታው አለ። ከሥሩም «ይፀድቃል»።

«ወረቀቱ የት የሄደ መስሎህ ነው?» አለኝ። «አንተ ጻፍክ፤ እኔ ፈረምኩ። ያን ዕለት ስሟን ባትጠራው እኔ ልጠራው ነበር። ቀደምከኝ።» ከዚያ ዝግ ብሎ፣ እንደ ወዳጅ፣ «ጋሼ፣ ሁለታችንም ዳንን። አሁን ምን አመጣዎት?» አለኝ።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጋሼ» ያለኝ ዛሬ ነው። ከስድቡ ሁሉ ይህኛው ባሰብኝ።

«ትፈታ» አልኩት።

«ለእሷ ብለህ ከሆነ መንገድ አለ። መምህራኑ ሻይ ሲጠጡ ምን እንደሚያወሩ በየሳምንቱ አንድ ገጽ ትጽፍልናለህ። አማርኛህ ጥሩ ነው።»

«አስብበታለሁ» አልኩት።

እምቢ ለማለት ነበር አፌን የከፈትኩት። የወጣው ግን ይህ ነው።

ነሐሴ 28

አላሰብኩበትም። ስለ ሌላ ነገርም አላሰብኩም። መሳቢያው ውስጥ ያ ወረቀት ነበር። ያን ዕለት «እኔ ነኝ» ብል የሻውም አብሮኝ ይገባ ነበር፤ ስለዚህ እኔን ማሰር አይችሉም ነበር፤ ወይም ሁለታችንን ያስሩን ነበር፤ ወይም ማንንም አያስሩም ነበር። ስንት ጊዜ አስልቼው ስንት ዓይነት መልስ አገኘሁ። በሁሉም ግን እሷ የለችበትም።

ጳጉሜን 1

ወይንሸት ተፈታች።

እኔ ስላደረግኩት ነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ የበዓሉን ዝግጅት ሊያይ የመጣ እንግዳ፣ ቢያዝን በቴፕ የቀዳውን ዘፈን ሰማ። ወደደው። «ጋራው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ አሉ። እንግዳው ራሱ መለሰው፤ «ሶሻሊዝም ነው» አለ። ጉዳዩ እዚያው አለቀ። ሠላሳ ስምንት ቀን የታሰረችበትን ነገር አንድ ሰው ሻይ እየጠጣ ፈታው።

ጳጉሜን 2

ከስታለች። ጸጉሯን በሻሽ አሥራዋለች። ከሥሩ ምን እንዳለ አላሳየችንም። እትዬ እንኳየሁ ገላዋን አጥበው፣ አብልተው፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጧት። ደብዳቤውን ሰጠኋት። ሳትከፍተው ደረቷ ላይ አደረገችው።

እዚያው ቆምኩ። «ወይንሸት፣ ስምሽን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ አያ ዓለምነው።»

«ማን ነገረሽ?»

«የገባሁ ዕለት ያሉትን አነበቡልኝ። የአባቴን ስም ጭምር።»

«ከመጀመሪያው ቀን?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ምነው? ያን ሁሉ ቀን ምግቡን ሳመጣልሽ… ለምን አልመለስሽብኝም?»

ቀና ብላ አየችኝ። ጥላቻ ፈልጌ አጣሁ። የደከመው ሰው አስተያየት ነበር።

«ርቦኝ ነበራ» አለችኝ።

ከዚያ ደብዳቤዋን ከፈተች። እኔ ክፍሌ ገባሁ።

ጳጉሜን 4

አምባ ጊዮርጊስ፣ እናቷ ዘንድ ሄደች። መዋዕለ ሕፃናቱ እንደማይመልሳት የሚገልጽ ወረቀት ትናንት ሰጥተዋታል፤ «ለጊዜው» ይላል። አድማሴ እግሩን ቆስሎ አስመራ ሆስፒታል እንደተኛ ጽፎላታል። ይህን የነገሩኝ እትዬ እንኳየሁ ናቸው። አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሻንጣዋን የያዘላት ቢያዝን ነው። እኔ በመስኮት አየሁ።

መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

በዓሉ። ሠልፍ፣ ባንዲራ፣ አራት ሰዓት የፈጀ ንግግር። ሠላሳ አምስት ሕፃናት ቀይ አንገት ልብስ አድርገው ቀንድ አውጣውን ዘመሩ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አልተጣደፉም። ሕዝቡ አብሮ ዘመረ። ፖሊሱም፣ የሻውም፣ ጥርሱን የሚጎረጉረው ሰውዬም። «ጋራ እወጣለሁ» ብሎ አንድ ሺህ ሰው ባለሥልጣን ፊት ሲጮህ መስማት ለመሳቅ የሚሆን ነበር። መሳቅ አቃተኝ።

ስሜ ተጠራ። «ለግጥሙ ደራሲ የምስክር ወረቀት።» አልነሣም ብዬ ወስኜ ነበር። ከጎኔ ያለው መምህር በክንዱ ጎሰም አደረገኝ፤ ተነሣሁ። እግሬ ራሱ ሄደ። ወረቀቱን ተቀበልኩ፤ እጅ ነሣሁ። ሰው አጨበጨበ። ሳጎነብስ ፎቶ አነሡኝ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ከራሴ በቀር ያልናቅኩት ሰው የለም። ዛሬ ራሴንም ጨመርኩ።

መስከረም 5

የሻው ሰው ላከብኝ። «ሐሳብህ ምን ደረሰ?» ይላል፤ ስለዚያ ስለ ሳምንታዊው ገጽ። እኔው ሄጄ ነገርኩት።

«አልጽፍም» አልኩት።

«ምክንያት?»

ብዙ ምክንያት አዘጋጅቼ ነበር፤ ጨዋ ጨዋ ነገር። ሁሉም ጠፋኝ። «አንድ ጊዜ ጽፌላችኋለሁ። ይበቃል።»

እስክሪብቶውን አሽከረከረ። «ቤት አለህ፣ ደመወዝ አለህ፣ የምስክር ወረቀት አለህ» አለኝ።

«አለኝ።»

«ሂድ እንግዲህ።»

መንገድ ላይ ግንብ ተደግፌ ትንሽ ቆየሁ። ጀግንነት የሚባለው ነገር እንዲህ ከሆነ ስለ እሱ የተጻፈው ግጥም ሁሉ የሰነፍ ሥራ ነው።

መስከረም 10

የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። ቃል በቃል ልገልብጠው። «ሕፃናትን በኪነት የማነጽ ችሎታዎ በአሥረኛው የአብዮት በዓል ስለታወቀ፣ ከመስከረም 18 ጀምሮ በቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት በአስተማሪነት እንዲያገለግሉ ተመድበዋል።» ከሁለተኛ ደረጃ ወደ ፊደል ቆጠራ። በወይንሸት ቦታ። የሻው ይህን ያህል ብልህ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ያሳለፍኩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

መምህራኑ ጓደኞቼ ሲሰሙ ሳቁ። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እስቅ ነበር።

መስከረም 18፣ ዓርብ

መዋዕለ ሕፃናቱ አንድ ክፍል ነው። ወንበሮቹ ከጉልበቴ በታች ናቸው። ስገባ ሠላሳ አምስቱም ብድግ አሉና «ደህና አደሩ፣ እትዬ ወይንሸት» አሉ በአንድ ድምፅ። ከልማድ ነው። ከዚያ አዩኝና ተቀመጡ።

ስሜን ነገርኳቸው። ፊደል ልጻፍ ብዬ ጠመኔ አነሣሁ። ከፊት የተቀመጠች ይርገዱ የምትባል አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ እጇን አወጣች።

«እትዬ ወይንሸትን ማን ነው የወሰዳት?»

ወስደዋት ሲሄዱ ይችው ልጅ እዚያው ወንበር ላይ ነበረች ማለት ነው። ሁሉም አይቷል። መልስ የሚጠብቁት ከእኔ ነው። ታማለች ልል እችል ነበር። እናቷ ዘንድ ናት ማለትም እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ እውነት ስናገር ነው የከረምኩት።

ጠመኔውን አስቀመጥኩ። «ሰዎች ናቸው የወሰዷት» አልኳቸው። «የወሰዷት ግን እኔ ስለ እሷ ውሸት ስለተናገርኩ ነው። እሷ ምንም አላጠፋችም።»

ይገባቸዋል ብዬ አልነበረም። አንዱ አፍንጫውን ጠረገ። ይርገዱ ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ስታስብ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

«ታዲያ ይመልሷታ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ቀኑን ሙሉ «ሀ»ን ጻፍን።

ማታ ወይንሸት ዘንድ እንደምሄድ ለእትዬ እንኳየሁ ነገርኳቸው። አልመከሩኝም። አንድ ኪሎ ስኳርና የሻይ ቅጠል በፌስታል አሥረው ሰጡኝ፤ ለእናቷ። አስቀድሜ ሁለት ወረቀት ጽፌአለሁ። አንዱ ቦታው የወይንሸት ስለሆነ አልቀበልም የሚል ነው፤ ሰኞ ለየሻው ይደርሳል። ሁለተኛው ሐምሌ 23 ያደረግኩትን በሙሉ የሚል ነው፤ እሷ ለፈለገችው ሰው እንድታሳየው ነው የምሰጣት። አማርኛው ተራ ነው። ቤት አይመታም።

የአምባ ጊዮርጊስ አውቶቡስ ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሣል።